መብራት ሲመጣ ራሱ ይጀምራል

በዚያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። ሞባይል እጠግናለሁ፣ ሚሞሪ ካርድ ላይ መዝሙርና ዘፈን እጭናለሁ፣ የተበላሸ ሪሲቨርም ይመጣልኛል። ኮሌጅ የተማርኩት ኮምፒውተር ነው። የዲፕሎማዬን ኮፒ በፕላስቲክ አስጠርዤ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። በእኔ ግምት ከደብረ ታቦር ወዲህ የእኔን ያህል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የምነግራችሁ ልመካ ብዬ አይደለም። ያ ኩራት ባይኖርብኝ ኖሮ አሁን የምተርከው ነገር አይደርስም ነበር።

ደሳለኝ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ ባሕር ዳር ያስተምራል። እናቱ እማማ የሺ አርብ ገበያ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንዲት እህት አለችው፣ ትብለጥ የምትባል፤ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነበር። ትደውላለች፤ እናቷ ግን ድምፅ ብቻ አልበቃቸውም። ስለዚህ ትብለጥ ራሷን በስልኳ እየቀረጸች ለወንድሟ ትልካለች። እማማ የሺ ያንን የሚያዩት ደሳለኝ ለበዓል ሲመጣ ብቻ ነው። ስማርት ስልክ ቢገዛላቸው ጣታቸው በቁርጥማት ተቆራምዶ መስታወቱ አልታዘዝ አላቸው። ሪሞት ቢሰጣቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ አንዱን ነክተው ሌላውን ያጠፉታል።

«እናቴ ምንም ሳትነካ ትብለጥን የምታይበት ነገር ሥራልኝ» አለኝ አንድ ቀን። «ከሠራኸው ውለታህን አልረሳም።»

ከኮሌጅ ጓደኛዬ ያገኘኋት አንዲት ሚጢጢ ኮምፒውተር ነበረችኝ። የቀበሌ መታወቂያ የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፤ ሽፋን የላት፣ ኪቦርድ የላት፣ በሞባይል ቻርጀር ትሠራለች፣ ቴሌቪዥን ላይ ትሰካለች። ፊልምና ፎቶ የሚያሳይ ፕሮግራም ጫንኩባት። ችግሩ ፕሮግራሙ በራሱ አይነሣም። ሰሌዳዋ ስትበራ ጥቁር ገጽ ዘርግታ ስምና የይለፍ ቃል ትጠይቃለች። እማማ የሺን «ስምዎን ይጻፉ» ልትላቸው ነው እንግዲህ! አንድ ሳምንት ሙሉ ታገልኳት። አንዴ ጥቁሩ ላይ ትቀራለች፣ አንዴ ፕሮግራሙን ትከፍትና ቪዲዮውን አላገኘሁም ትላለች። በመጨረሻ አንድ አጭር ትእዛዝ ጻፍኩላት። ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ማንንም ሳትጠይቅ ትነሣለች፣ ፕሮግራሙን ትከፍታለች፣ የትብለጥን ፎልደር ታገኛለች፣ ከሁሉ አዲስ የሆነውን ቪዲዮ አስቀድማ ታጫውታለች። መብራት ሄዶ ቢመለስም እንደገና ከዚያው ከአዲሱ ትጀምራለች። ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁና በሰዓት ለካሁ፤ አርባ ሰከንድ ፈጀባት። ትብለጥ ከእነ ፈገግታዋ ብቅ አለች። እኔም ባዶ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

አርብ ገበያ ልሄድ ባሰብኩበት ዋዜማ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት የሱቄ በር ላይ ቆመች።

«የደሳለኝ ጓደኛ አንተ ነህ?»

«ነኝ። ግቢ።»

አልገባችም። ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችው። «ከቤሩት ትናንት ነው የገባሁት። ወደ ወረታ የሚሄደው መኪና እየጠበቀኝ ነው። ይህን ለደሳለኝ ስጥልኝ። በእጁ።»

«ምንድን ነው?»

«የትብለጥ ነው።»

«ቪዲዮ ነው?»

ፍላሹን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «አዎ፣ ቪዲዮ ነው» አለች፤ ዐይኗም እንባ ሞላ። «ለወንድሟ ብቻ። እሺ በለኝ።»

«እሺ። ትብለጥ እንዴት ናት?»

«ለወንድሟ ስጠው» አለችና ፊቷን አዙራ ሄደች።

እናንተ አሁን ገብቷችኋል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ስደት ያንገላታት ሴት አገሯ ስትገባ እንባ ይቀናታል ብዬ አለፍኩት። በእኛ ዘንድ ሞት በመንገድ አይነገርም። የሰማ ሰው ይይዘዋል፤ ቀን ይቆረጣል፣ ሽማግሌና የንስሐ አባት ይጠራል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ መርዶ ያረዳል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያውቅ ሁሉ እንዳላወቀ ሆኖ ይስቃል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ያቺ ሴት ለእኔ ልትነግረኝ አትችልም ነበር። ማልቀስ የማይገባት ቦታ ላይ እንባዋ አመለጣት እንጂ፣ ሥርዓቷን ጠብቃለች።

ሥርዓቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ለወንድሟ ብቻ ተብዬ እሺ ብያለሁ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ግን «ነገ እናቷ ዘንድ እየሄድኩ ይህን ሳልይዝ እንዴት እሄዳለሁ?» አልኩ። አዲስ ቪዲዮ ተጭኖ ማሽኑ ሲመረቅ ታየኝ። በሰው ካርድ ውስጥ ያለውን ከፍቶ አለማየት ደግሞ የምኮራበት ጠባዬ ነበር፤ ሌሎቹ ጠጋኞች የሰው ፎቶ እያዩ ሲሣሣቁ እኔ አንድ ቀን አላደረግሁትም። ፍላሹ ላይ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው። ሳልከፍት ወደ ሰሌዳዋ፣ የትብለጥ ፎልደር ውስጥ ገለበጥኩት።

አርብ ረፋድ ላይ በሚኒባስ አርብ ገበያ ደረስኩ። ሰው ሁሉ ወደ ገበያው ሲጎርፍ እኔ ካርቶኔን አቅፌ ወደ ዳር ወጣሁ። የእማማ የሺ ቤት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ስልክ የሚይዘው ከአጥሩ ውጭ፣ ዳገቱ ላይ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ብቻ ነው። መብራት ከረቡዕ ጀምሮ ጠፍቷል።

«ገበያውን ትቼ አንተን ስጠብቅ» አሉኝ እማማ የሺ፣ ጉንጬን ደጋግመው እየሳሙ። «ልጄ ናት ያመጣችህ።»

ደሳለኝ የገዛላቸው ወፍራም አሮጌ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሰሌዳዋን ከኋላው አሰርኳት፣ ገመዱን ሰካሁ፣ የቴሌቪዥኑንም ቁልፍ አብርቼ ተውኩት። የድምፁን ገመድ ሱቅ ረስቼው መምጣቴን ያኔ አወቅሁ። ድምፁን ሌላ ቀን እቀጥለዋለሁ አልኳቸው።

«አሁን ምኑን ልንካ?»

«ምንም አይነኩም፣ እማማ።»

«መብራት ሲመጣስ?»

«ራሱ ይጀምራል።»

«ማን ይነግረዋል?»

«እኔ ነግሬዋለሁ።»

ሣቁ። ከዚያ አፌ አላርፍ አለ። «ደግሞ አዲስ ቪዲዮ አለ። ትናንት ከቤሩት የመጣ።»

እማማ የሺ ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በደህናው ነው የሚያዩኝ። «ትናንት? ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደወለችም እኮ። ሥራ በዝቶባት ነው ይለኛል ደሳለኝ።» ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰዋል።

«ምነው ለበሱ?» ብላቸው፣ «እንዲያው ደስ ስላለኝ ነው» አሉ እንደ ማፈር ብለው።

ተቀምጠን ጠበቅን። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። የትብለጥን የልጅነት ነገር ሲያወሩልኝ፣ አጃ አሽታ በእፍኟ ስትበላ እንዴት እንደምትታነቅ፣ እኔ ደግሞ ስለ ማሽኔ ሳወራላቸው። በመጨረሻ «መብራቱ መቼ እንደሚለቀቅ ልደውልና ልጠይቅ» ብዬ ወጣሁ። የአጥሩን መዝጊያ በገመድ አስሬ ወደ ባሕር ዛፉ ወጣሁ። ስልኬ ገና ኔትወርክ ሲያገኝ ጠራ። ደሳለኝ ነው።

«የት ነህ? ከጠዋት ጀምሬ ስደውል።»

«እናትህ ቤት። ማሽኑን ሰክቼዋለሁ፤ መብራት ብቻ ነው የ…»

«ሙላት፣ ስማኝ። አጠገብህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ትብለጥ አርፋለች።»

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። እሱ ግን ትንፋሽ እንዳያጥረው የፈራ ይመስል ቶሎ ቶሎ ተናገረ። «ታማ ነበር፤ አልነገረችንም። እዚያው ቀበሯት። እኔም የሰማሁት ትናንት ማታ ነው። አሁን መንገድ ላይ ነኝ። ነገ ጎህ ሲቀድ እናቴን ከንስሐ አባቷና ከሽማግሌዎች ጋር ሆነን እናረዳታለን። እስከዚያ አንዲት ነገር እንዳትሰማ። ደም ግፊቷን ታውቃለህ። በዚህ ዕድሜዋ ብቻዋን ሆና ብትሰማ ትሞትብኛለች።»

«እሺ» አልኩ።

«ደግሞ ጓደኛዋ ፍላሽ ሱቅህ አድርሳለች። ጓደኞቿ ፍትሐቷን የቀረጹበት ነው፤ ከመርዶው በኋላ እንድናየው። እንዳትከፍተው። ደብቀህ አቆይልኝ።»

እሺ ልለው አፌን ስከፍት ከታች ከሰፈሩ «መብራት መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ተነሥቶ ሲያጓራ ሰማሁት።

አርባ ሰከንድ። ሮጥኩ። ቁልቁለቱን በምን እግሬ እንደወረድኩት አላውቅም። አጥሩ ጋ ስደርስ ራሴ ያሰርኩት ገመድ አልፈታ አለኝ። ጣቶቼ ሞባይል ውስጥ ያለ የጤፍ ፍሬ የምታክል ብሎን የሚፈቱ ጣቶች ናቸው፤ አንድ ገመድ መፍታት አቃታቸው። እሾኹን በደረቴ ገፍቼ ገባሁ።

እማማ የሺ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል። ብዥ ያለ ምስል ላይ ካህናት ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ይታያሉ፣ ጥላ ተዘርግቷል፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ጧፍ ይዘው ቆመዋል። መሐል ላይ የትብለጥ ፎቶ ዙሪያውን በአበባ ተከቦ ተቀምጧል። ከሥሩ አበባ የተነሰነሰበት የሚያብረቀርቅ ነጭ ሳጥን። ድምፅ የለም።

«ሙላት! ና እይ!» አሉኝ ሳይዞሩ። «ቄሶቹን አየሃቸው? አበባውን አየኸው?» በእኛ አገር ለቅሶ ላይ አበባ የለም፤ እሳቸው አበባ ያዩት በልጃቸው በደሳለኝ ሰርግ ላይ ነው። «ሳጥኑን እይልኝ! ጥሎሿ ነው። ልጄ ተዳረች! ይህን ልታሳየኝ ነው ዝም ያለችኝ?»

አንዷ ሴት ጎንበስ ብላ ስታለቅስ ታየች።

«ጓደኞቿ ያለቅሳሉ» አሉ እማማ የሺ፣ የራሳቸውም እንባ እየወረደ። «እናቷ በሌለችበት መዳሯ አሳዝኗቸው እኮ ነው። ሰርግ ነው አይደል፣ ልጄ?»

ሶኬቱ ከእጄ አንድ ክንድ ነው የሚርቀው። ነገ ጎህ ሲቀድ የሚለው የደሳለኝ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ።

«ይመስላል» አልኳቸው።

እማማ የሺ እልል አሉ። ያን የመሰለ እልልታ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ሦስት ጊዜ፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ። በዚያው ቅጽበት መብራቱ ሄደ።

እግዚአብሔር ይስጠው ብዬ ወደ ሶኬቱ ተንደረደርኩ። እማማ የሺ በዚያ በተቆራመደ እጃቸው ክንዴን ያዙኝ። «አትንካው! ይጠፋብኛል። ራሱ ይጀምራል አላልከኝም?»

«በጣም ግሏል፣ እማማ፣ ይበርድ…»

«አትንካው አልኩህ!» ከሶኬቱ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡበት።

እልልታውን ሰምተው ጎረቤታቸው እትዬ አስካል ከነዘንቢላቸው ከገበያ በቀጥታ ገቡ። «ምን ተገኘ፣ እማማ የሺ?» እያሉ ሳለ መብራቱ ተመለሰ። እማማ የሺ «ቁጭ በይ፣ ዝም ብለሽ እይ» አሏቸው። ቆጠርኩ። አርባ ላይ ካህናቱ እንደገና ከመጀመሪያው መጡ፤ ልክ እኔ እንዳዘዝኩት።

የእትዬ አስካል ሁለቱም ዐይኖች ደህና ናቸው። ሳጥኑን አዩት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ዞረው አዩኝ፤ በዐይኔ ለመንኳቸው።

«ትብለጥ ተዳረች!» አሉ እማማ የሺ። «ምነው አስካል፣ እልል አትይልኝም?»

እትዬ አስካል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና እልል አሉ። መሐል ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ግን ጨረሱት። እማማ የሺ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው የሃያ ዓመት ሴት ፊት ሆኗል። «አንተስ? እጅ የለህም?»

አጨበጨብኩ።

ሁለት ሌሎች ጎረቤቶች መጡ። እነሱም አዩ፣ እነሱም ገባቸው፣ እነሱም እልል አሉ። አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም። እየወጡ ከአጥሩ ኋላ ቁጭ ብለው ነጠላቸውን እየነከሱ ያለቅሱና ዐይናቸውን ጠርገው ተመልሰው ይገባሉ። እማማ የሺ ለማኅበር የጠመቁትን ጠላ ከፈቱ። ከዚያ ለበዓል ያስቀመጡትን ለጋ ቅቤ አወጡና «የሙሽራ እናት ራሷ ደረቅ አይሁን» ብለው እትዬ አስካልን ቀቢኝ አሏቸው። እትዬ አስካል ቀቧቸው። ሲመሽ፣ እማማ የሺ ጠላ ሊጨምሩ ጓዳ ሲገቡ፣ ሰሌዳዋን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት። ማሽኑን ለማጥፋት የቻልኩት ያኔ ነው።

ጎህ ሲቀድ ደሳለኝና ሽማግሌዎቹ ደጃፉ ላይ ቆሙ። እማማ የሺ በሩን ሲከፍቱ ቅቤው ቀልጦ በግንባራቸውና በክት ቀሚሳቸው ትከሻ ላይ ወርዷል። ሰው ሁሉ ያንን ቅቤ አይቶ አንገቱን ደፋ። ደሳለኝ አልገባውም፤ ለእሱ የነገረው ሰው አልነበረም። እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

«እሰይ፣ ደስታዬን ሰምታችሁ መጣችሁ» አሉ እማማ የሺ።

የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ። «የሺ፣ ልብሽን አጽኚ። ትብለጥ አርፋለች።»

«ትናንት ተዳረች እኮ» አሉ እማማ የሺ። ወደ ቤት ውስጥ ዞረው ጨለማውን ቴሌቪዥን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሳጥኑ…» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ። ቅቤውን ከፀጉራቸው በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር። ደሳለኝ እጃቸውን ቢይዝ አልቻላቸውም። ሌላ እናት «ልጄን፣ ልጄን» ብላ ትጮኻለች፤ እሳቸው ያን ቀን የጮኹት «እልል አልኩባት! እልል አልኩባት!» እያሉ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው ላይ የሚነሰንሱት የሐዘን አመድ ሲያመጡላቸው እንኳ ከቅቤው ጋር ተላውሶ ተጨማለቀ።

ደም ግፊቱ አልገደላቸውም። እሱን ነበር የፈራነው።

ደሳለኝ አንድ ቀን አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አስከሬኗ አገር ስላልገባ እናቷ ያዩት ብቸኛ ቀብር ያ ነው፤ እልል ያሉበት። ደሳለኝ ከወራት በኋላ በወጉ እንዲያለቅሱበት ሊያሳያቸው ቢሞክር፣ ቴሌቪዥኑን ከቤት አስወጡት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ የምሰጣችሁ ብዙ ነገር የለኝም። ዛሬ የማንንም ካርድ ከመጫኔ በፊት እከፍታለሁ፤ «የሰው ገመና የሚያይ» የሚል ስም ወጥቶልኛል፣ ይውጣ። ማንኛውም ነገር ራሱ እንዲጀምር አድርግልኝ የሚለኝን ሰው እመልሰዋለሁ። ግን ይህ ሁሉ ለእማማ የሺ ምን ያደርግላቸዋል? አንድ ሳምንት ሙሉ ደክሜ የሠራሁት ነገር ልክ እንደታሰበው ሠራ። የተበላሸ ነገር ቢሆን እጠግነው ነበር። ሰሌዳዋ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለች። ልሰብራት ብዬ መዶሻ ያነሣሁበት ቀን አለ፤ ውስጧ ያለው የትብለጥ ቀብር ነው፣ እንዴት እሰብረዋለሁ? ልሰካትም አልችልም።

በአርባዋ ዕለት ለጸሎቱ አርብ ገበያ ሄጄ ነበር። እማማ የሺ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እግዚአብሔር ያጽናዎት ብዬ ጎንበስ ስል ጆሮዬ ላይ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ያን ጊዜ እልል ስል፣ ታውቅ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። በዚያች ቤት አንዴ ዋሽቻለሁ።

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጆቼን በሁለት እጃቸው ያዙና መዳፎቼን ገልብጠው አዩዋቸው።

«በእነዚህ አጨበጨብክ» አሉኝና ለቀቋቸው።